ሦስተኛው ወረቀት፦ ሕዝብ መርጦት የማያውቀው የላይኛው ምክር ቤት

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በ6ኛው ጠቅላላ ምርጫ፣ ቤቴል የተሰለፈ መራጭ በሁለት ወረቀት ድምፁን ሰጥቷል። አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ነበር። ሦስተኛ ወረቀት አልነበረም። በዚያ ቀን በሰልፉ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ ሦስተኛ ወረቀት ሊኖር ይችል እንደነበር አላሰቡም። ማንም ነግሯቸው አያውቅምና አይፈረድባቸውም።

ሕገ መንግሥታችን ግን በአንቀጽ 53 የፌዴራሉ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች እንዳሉት ይናገራል። የሕዝብ ተወካዮችን እናውቀዋለን፤ በጀት ሲያጸድቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማብራሪያ ሲሰጡበት በቴሌቪዥን እናየዋለን። ሁለተኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ በዚህ ምክር ቤት ውስጥ የእኔ ወኪል ማን ነው? የምትኖሩት ቤቴል፣ ዓለም ባንክ፣ መርካቶ ወይም ቦሌ ከሆነ መልሱ አጭር ነው። ማንም የለም።

ነገሩ የአሁኑ ምርጫ ወይም የአሁኑ መንግሥት ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። በኢትዮጵያ ታሪክ የላይኛው ምክር ቤት ሦስት ጊዜ ተቋቁሟል፦ በ1923፣ በ1948 እና በ1987 ዓ.ም.። ሦስቱም ጊዜ ሕዝብ በቀጥታ አልመረጠውም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው እንነሣ።

▪️ 1923፦ «ለጊዜው» የተባለው

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ ዋናው አርአያ የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1889 ባወጡት ሕገ መንግሥት ላይ አንድ የመሳፍንትና የመኳንንት ምክር ቤት፣ አንድ ደግሞ የተመራጮች ምክር ቤት ነበራቸው። እኛም ሁለት አቋቋምን፦ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት።

ላይኛው፣ ማለትም መወሰኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሟቸው ሰዎች መቀመጫ ሆነ። መስፈርቱ በመኳንንትነት፣ በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ለረጅም ጊዜ ማገልገል ነበር። ታችኛውንም ቢሆን ሕዝብ አልመረጠውም፤ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ናቸው የመረጡት። እዚህ ላይ ግን ሕገ መንግሥቱ አንድ የማይረሳ ቃል ጨምሯል። ይህ አመራረጥ ለጊዜው ነው፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ነው ይላል።

ልብ በሉ። የ«ለጊዜው» ቃል የተሰጠው ለታችኛው ምክር ቤት ብቻ ነው። የላይኛውን ሕዝብ አንድ ቀን ይመርጠዋል የሚል ተስፋ በወረቀት ላይ እንኳ አልሰፈረም። የላይኛው ምክር ቤት ከውልደቱ ጀምሮ ከሕዝብ በላይ ሆኖ ነው የተፈጠረው።

▪️ 1948፦ ግማሹ ቃል ተጠበቀ

ለታችኛው ምክር ቤት የተገባው ቃል ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ጠብቆ ተፈጸመ። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያውያን፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ የሕግ መምሪያውን አባላት እንዲመርጡ ፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው 1950 ዓ.ም. በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ፓርቲ አልነበረም፤ ለመወዳደር ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ ገጠሩ ላይ የባላባቱ ጥላ ከባድ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖም የአዲስ አበባ መራጭ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን መርጦ የመጀመሪያዋን ሴት የፓርላማ አባል ወደ አራት ኪሎ ልኳል። ትንሽ ነገር አይደለም።

የላይኛውስ? የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እንደነበረ ቀጠለ። ቁጥሩ ከታችኛው አባላት ግማሽ እንዳይበልጥ ተወሰነ፣ የሥራ ዘመኑ 6 ዓመት ሆነ፣ ሿሚው ግን ያው ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ብዙ ጊዜም ከአስፈጻሚ ሥልጣን ገለል የተደረገ መኳንንትና የጡረታ ዕድሜው የደረሰ ሹም ማረፊያ ነበር። ሕዝቡ በ1950፣ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ለታችኛው ምክር ቤት ድምፅ ሰጥቷል። ለላይኛው አንድም ጊዜ አልተጠየቀም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ዘጋ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ለረጅም ጊዜ የላይኛው የሚባል ምክር ቤት አልነበራትም። በኋላ ሥራ የጀመረው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ያሉት አንድ ምክር ቤት ነበር። በ1983 ዓ.ም. በቻርተር የተቋቋመው የሽግግሩ መንግሥት የተወካዮች ምክር ቤትም እንዲሁ አንድ ብቻ ነበር።

▪️ 1987፦ «ወይም» የምትል ቃል

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሁለተኛውን ምክር ቤት መለሰው፤ ግን በሌላ መልክ። አሁን መቀመጫው የመኳንንት ሳይሆን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው። በአንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል ይኖረዋል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወኪል ያገኛል።

እነዚህን ወኪሎች ማን ይመርጣል? የክልል ምክር ቤቶች። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ዓይን ዘሎት የሚያልፈው ንዑስ አንቀጽ 3 አለ። የክልል ምክር ቤቶች ወኪሎቹን በራሳቸው ሊመርጡ ይችላሉ፤ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ሊያደርጉ ይችላሉ።

ያቺ «ወይም» በ1923 ከተጻፈው «ለጊዜው» ጋር እህትማማች ናት። ሁለቱም በሩ መኖሩን ይነግሩናል፤ ሁለቱም ማን እንደሚከፍተውና መቼ እንደሚከፈት አይነግሩንም። «ለጊዜው» ቢያንስ በ1948 ተነሥቷል። «ወይም» ግን እስከ 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ድረስ አንድም ክልል አልተጠቀመባትም። ሁሉም ክልሎች፣ በሁሉም ዙር፣ ወኪሎቻቸውን የመረጡት በምክር ቤቶቻቸው አዳራሽ ውስጥ ነው።

ይህ ምን ማለት ነው? በክልል ምክር ቤት አብላጫውን የያዘው ፓርቲ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወኪሎችንም ይወስናል። ከተመረጡት መካከልም የክልል ርእሳነ መስተዳድርና የቢሮ ኃላፊዎች በብዛት ይገኛሉ። ሥራ አስፈጻሚው ጠዋት ክልሉን ያስተዳድራል፤ ምክር ቤቱ በሚሰበሰብባቸው ጥቂት ቀናት ደግሞ አዲስ አበባ መጥቶ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል።

▪️ ከቤቴል እስከ ሰበታ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከቤቴል ወጥቶ በአየር ጤና በኩል የጅማን መንገድ የያዘ ሰው ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ ይደርሳል። ታክሲው ያው ነው፣ ገበያው ያው ነው፣ ብዙ ሰው አንዱ ጋ አድሮ ሌላው ጋ ይሠራል። የምርጫ ወረቀቱ ግን ይለያያል።

የሰበታው መራጭም ሦስተኛ ወረቀት የለውም። ሆኖም ሁለተኛው ወረቀቱ ለጨፌ ኦሮሚያ ነው፤ ጨፌው ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወኪሎችን ይመርጣል። ክሩ ቀጭን ቢሆንም አለ። የቤቴሉ መራጭ ሁለተኛ ወረቀት ለከተማው ምክር ቤት ነው፤ የከተማው ምክር ቤት ደግሞ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚልከው ሰው የለም። ክሩ ማዘጋጃ ቤት ሲደርስ ይበጠሳል።

ምክንያቱ አዲስ አበባ ክልል አለመሆኗ ነው። አንቀጽ 49 የከተማዋ ነዋሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው ይናገራል፤ ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት እንደሆነና ነዋሪዎቿም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሚወከሉ ይደነግጋል። በዚያ ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት። ስለ ሁለተኛው ምክር ቤት አንቀጹ ዝም ይላል። ድሬዳዋም እጣዋ ተመሳሳይ ነው፦ በታችኛው 2 መቀመጫ፣ በላይኛው ምንም።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የመጨረሻ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበራት። ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ብቻውን ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሰው ነበረው፤ ይህ በዚያው ቆጠራ ከመላው የሐረሪ ክልል ሕዝብ እጥፍ በላይ ነው። የሐረሪ ወኪል መኖሩ ትክክል ነው፤ ትንሽ ሕዝብ በትልቅ እንዳይዋጥ መጠበቅ የፌዴሬሽን አንዱ ዓላማ ነው። ጥያቄው ያኛው ለምን አለው ሳይሆን ይሄኛው ለምን የለውም ነው።

▪️ «በብሔርህ ተወክለሃል» ለሚሉ

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ቀላል መልስም አይደለም። ምክር ቤቱ የመሬት ሳይሆን የሕዝቦች ውክልና ነው፤ ቤቴል የሚኖር ጉራጌ በጉራጌ ወኪል፣ ኦሮሞው በኦሮሞ፣ አማራው በአማራ፣ ስልጤው በስልጤ ወኪል ተወክሏል ይባላል።

እንፈትሸው። ቤቴል ተወልዶ ያደገ ጉራጌ የብሔረሰቡን ወኪል የሚመርጠው ምክር ቤት የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ምክር ቤት ነው። ይህ ሰው ለዚያ ምክር ቤት ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም፤ ልስጥ ቢልም የዚያ አካባቢ ነዋሪ ስላልሆነ አይመዘገብም። እንደ አንቀጽ 61 ቃል ግን የብሔረሰቡ ሕዝብ በሚሊዮን ሲቆጠር እሱም ከተቆጣሪዎቹ አንዱ ነው። ጭንቅላቱ ይቆጠራል፤ ድምፁ አይቆጠርም። አባቱ ኦሮሞ እናቱ አማራ የሆነው ጎረቤቱ ደግሞ በየትኛው መዝገብ እንደሚገባ ራሱም አይነግራችሁም።

ይህ የአዲስ አበባ ብቻ ችግር አይደለም። ከብሔሩ ክልል ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ኦሮሚያ ያለ አማራም፣ አማራ ክልል ያለ ኦሮሞም፣ በየደረጃው ይነካዋል። እነሱ ግን ቢያንስ ለሚኖሩበት ክልል ምክር ቤት ይመርጣሉ። የአዲስ አበቤው ልዩነት ሁለቱንም ማጣቱ ነው።

▪️ ሕግ የማያወጣ ምክር ቤት ምን ይጎዳል?

«የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕግ አያወጣ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ይበተናል፤ ቢቀርብን ምን?» የሚልም አለ። እውነት ነው፤ እንደ ሌሎች አገሮች ሴኔት በአዋጅ ላይ ድምፅ አይሰጥም። ሥልጣኑ ግን ከዚያ ይከብዳል። በአንቀጽ 62 መሠረት ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው እሱ ነው። የማንነትና የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። በክልሎች መካከል የሚነሣ ግጭትና የወሰን ክርክር፣ ለክልሎች የሚሰጠው የድጎማ ቀመር፣ የፌዴራል መንግሥት በክልል ጣልቃ እንዲገባ ማዘዝ ሁሉ በእሱ እጅ ነው።

ታሪኩን ብናይ ስልጤ ከጉራጌ የተለየ ብሔረሰብ መሆን አለመሆኑ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የተፈታው ጥያቄው በዚህ ምክር ቤት ካለፈ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በ2012 ዓ.ም. የመጣው ነው። በኮቪድ ምክንያት ምርጫው መካሄድ ሳይችል ቀረ፤ የምክር ቤቶቹ የሥራ ዘመን ደግሞ ሊያልቅ ነው። መንግሥት መንገዱ የሕገ መንግሥት ትርጉም ነው አለ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ሰኔ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በሂደቱ አልተባበርም ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 3፣ ምክር ቤቱ የፌዴራልና የክልል ምክር ቤቶች የሥራ ዘመን እንዲራዘም ወሰነ። ትግራይ ክልል ጳጉሜን 4 ቀን 2012 የራሱን ምርጫ ሊያካሂድ ሲል ይኸው ምክር ቤት ነሐሴ 30 ቀን ምርጫው ተቀባይነት የለውም አለ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ጦርነቱ በይፋ ተጀመረ፤ በ3ኛው ቀን፣ ጥቅምት 28፣ ምክር ቤቱ በትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር እንዲቋቋም ፈቀደ።

ውሳኔዎቹ ትክክል ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። አገሪቱን ማን ለምን ያህል ጊዜ ያስተዳድር የሚለው ጥያቄ ሲወሰን፣ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ዋና ከተማ በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም የላከችው ሰው አልነበራትም። የከተማዋ ምክር ቤት ራሱ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተመርጦ፣ ዘመኑ በ2010 አልቆ፣ ሲራዘም የቆየ ነበር። የቤቴል ነዋሪ ያን ጊዜ በከተማው ምክር ቤት ያለው ውክልና የተራዘመ፣ በላይኛው ምክር ቤት ያለው ውክልና ባዶ ነበር።

ነገም እንዲሁ ነው። በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 የተጻፈው የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ከተባለ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው፤ በ2009 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የታየው ረቂቅም አዋጅ ሳይሆን ቀርቷል። አንድ ቀን ይህ አንቀጽ ለትርጉም ቢቀርብ ፈራጁ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከባለ ጉዳዮቹ አንዱ ወገን፣ ኦሮሚያ፣ በፈራጆቹ መካከል ወኪሎች አሉት፤ ይህም ሕገ መንግሥታዊ መብቱ ነው። ሌላው ወገን፣ የከተማዋ ነዋሪ፣ ከደጅ ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ የተሰጠ ፍርድ ትክክል እንኳ ቢሆን ለተሸናፊው ትክክል መስሎ አይታየውም። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ለከተሜውም ብቻ ሳይሆን ለኦሮሚያም፣ ምክንያቱም ማንም ያላመነው ፍርድ ለአሸናፊውም አይጸናለትም።

▪️ ሌሎች እንዴት አደረጉት?

በአሜሪካ ሴናተሮችን የሚመርጡት እንደ እኛው የክልል ምክር ቤቶች ነበሩ። በየአዳራሹ ድርድርና ጉቦ በዛ፣ መቀመጫዎች ለወራት ባዶ መቅረት ጀመሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 በ17ኛው ማሻሻያ ምርጫው ለሕዝብ ተሰጠ። የዋሽንግተን ነዋሪዎች ግን ለፕሬዚዳንት የመምረጥ መብት በ1961 ቢያገኙም እስከ ዛሬ ሴናተር የላቸውም። ስለዚህ ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ እነሱም ሲከራከሩበት ይኖራሉ።

ናይጄሪያ ሌላ መንገድ ይዛለች። ከ109 ሴናተሮች እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት 3 ሲኖረው የዋና ከተማዋ የአቡጃ ግዛት 1 አለው፤ የሚመርጠውም ሕዝብ ነው። በሕንድ የላይኛው ምክር ቤት ዴልሂ 3 መቀመጫ አላት። በጀርመን በርሊን ራሷ እንደ አንድ ክፍለ ግዛት ስለምትቆጠር በላይኛው ምክር ቤት 4 ድምፅ አላት።

ጀርመንና ሕንድ የላይኛውን ምክር ቤት በቀጥታ አያስመርጡም። ስለዚህ ቀጥታ ያልሆነ ምርጫ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። እነሱ ጋ ግን ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ነው፤ ዋና ከተማዋም ወንበር አላት። እኛ ጋ ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ ገጠሙ፦ ሕዝብ አይመርጠውም፣ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ ዋና ከተማዋም የለችበትም። ክብደቱ ከድምሩ ነው።

▪️ ምን ይደረግ?

ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ቅርብ አንዱ ሩቅ።

ቅርቡ «ወይም»ን ሥራ ላይ ማዋል ነው። ማንኛውም የክልል ምክር ቤት የፌዴሬሽን ወኪሎቻችንን ሕዝብ በቀጥታ ይምረጥልን ቢል ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልገውም፤ ፈቃዱ ተጽፎ ተቀምጧል። የሚያስፈልገው የክልሉ ውሳኔ፣ ዝርዝር ሕግና ከምርጫ ቦርድ ጋር የሚደረግ ዝግጅት ነው። አንድ ክልል ቢጀምር ሌላው «እኛስ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ሩቁ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዳይ ነው። ይህ ማሻሻያ ይጠይቃል፤ በአንቀጽ 105 መሠረት ማሻሻያው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ቀጥሎም በሁለት ሦስተኛው የክልል ምክር ቤቶች መጽደቅ አለበት። ማለትም አዲስ አበባ ወንበር እንድታገኝ የሚፈቅዱት ወንበር ያላቸው ናቸው። ከባድ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን አጀንዳ ሲሰበስብ እንዲህ ያለው ጥያቄ ቦታው እዚያ ነው። ጥያቄው የከተማ ሰው ከብሔር ውክልና ጋር የገጠመው ጠብ ተደርጎ መታየት የለበትም። የብሔር ወኪሎች ባሉበት ጠረጴዛ ላይ ለከተሞቹ ነዋሪዎችም ጥቂት ወንበር ይጨመር ማለት ነው፤ ማንም የያዘውን አያጣም።

በ1923 ሕዝቡ «ገና አልበቃም» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ዘውድ ወርዷል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ፌዴሬሽን ተመሥርቷል፣ ስድስት ጠቅላላ ምርጫ ተካሂዷል። ከ90 ዓመት በኋላ «ገና አልበቃችሁም» የሚል የለም፤ ዝም ብሎ ወረቀቱ አይታተምም። ስለዚህ በሚመጣው የምርጫ ዘመን የሰፈራችሁን በር ለሚያንኳኳ ዕጩ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ስለ መንገዱና ስለ ውኃው ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩለት፦ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለ እኛ የሚናገረው ማን ነው?

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። የማትስማሙ ካላችሁ በተለይ።

ቸር ሰንብቱ።